በጨርቁ ጥግ የሚጠለፍ ስም

ፑናንጋ መቀስ ከማንሳታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ለወንድ ነው ለሴት?» ይላሉ፤ መልሱን ሳይሰሙ ጨርቁን አይነኩትም። ለወንድ ከሆነ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ቅጠል ወይም ኦክቶፐስ ይቆርጣሉ፣ ለሴት ከሆነ አበባ። ይህን ሕግ ከእናታቸው ይውረሱት ራሳቸው ያውጡት፣ እሳቸውም ረስተውታል። ብቻ በማኡኬ ደሴት ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የተሰፋ ቲቫይቫይ የሚባል ባለጥልፍ የአልጋ ልብስ ሁሉ፣ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ላይ የሚነጠፈውም፣ ሙሽራ ትከሻ ላይ የሚጣለውም፣ ከሬሳ ጋር አፈር የሚገባውም፣ በዚህች ጥያቄ ነው የተጀመረው።

ይህን ጥያቄ ከሰው ሁሉ ፑናንጋ መጠየቃቸው ትንሽ ያስቃል። ቢያስቅም በማማ ማሬታ ፊት የሚስቅ የለም። ማማ ማሬታ የሴቶቹ የስፌት ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ሲቆጡ ውሻው እንኳ አልጋ ሥር ይገባል።

ፑናንጋ ሲወለዱ ወንድ ተባሉ። አባታቸው ሁለተኛ ዓሣ አጥማጅ አገኘሁ ብለው ተደስተው ነበር፤ ፑናንጋ ግን ዳዴ ማለት ሲጀምሩ የሄዱት ወደ ጀልባው ሳይሆን ወደ እናታቸው የክር ቅርጫት ነው። ዛሬ ፀጉራቸውን ጠቅልለው ከጆሮአቸው በላይ ነጭ አበባ ይሰካሉ፣ በአዘቦት ቀን አበባማ ቀሚስ ይለብሳሉ። እሁድ ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑትን ታላቅ ወንድማቸውን ላለማስቀየም ሲሉ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ አድርገው ከሁሉም ኋላ ይቆማሉ። ሴቶቹ ከፊት ነጭ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሲዘምሩ፣ እሳቸውም ከኋላ የሴቶቹን ድምፅ ይዘው ይዘምራሉ። ይህን ሁሉም ይሰማል፣ ማንም ዞሮ አያይም።

ደሴቱ እንዲህ ላለ ሰው ቃል አለው፤ ላኤላኤ ይላል። ቃሉ እንደሚናገረው አፍ ነው። ጎረቤት «ላኤላኤያችን ወዴት ጠፋች?» ስትል ናፍቆት ነው፣ ሰካራም ከመንገድ ዳር ሲጮኸው ደግሞ ድንጋይ ነው። ፑናንጋ ሁለቱንም ለምደውት ኖረዋል፤ ማን ልበልዎ የሚላቸው እንግዳ ሲመጣም «እንደ ቀናህ በለኝ» ብለው ያልፉታል። በዚህች መልስ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ስድስት ሳምንት ቀረ።

ጣጣውን ያመጣው ይኸው ስድሳ ነው። በማኡኬ ሰው ስድሳ ሲሞላው ስሙ ብቻውን አይጠራም፤ ሴቷ ማማ፣ ወንዱ ፓፓ ይባላል። በግብዣ ላይም ለታላላቆች ሁለት ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ በአንዱ ማማዎች በአንዱ ፓፓዎች ይቀመጣሉ። ፑናንጋ እስካሁን ያመለጡት በዘዴ ነው፤ በየሠርጉና በየልቅሶው ምግብ የሚያሳልፉት እሳቸው ናቸው፣ አሳላፊ ደግሞ አይቀመጥም። ሰው «እንዴት ያለች ታታሪ ናት» ይላል። ታታሪስ ታታሪ ናቸው፣ ግን ዕድሜ ልካቸውን ትሪ ተሸክመው የዞሩት የሚቀመጡበትን ስላላወቁ ጭምር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ወንድማቸው ፓፓ ቱታይ መጥተው ከአጥሩ ወዲያ ቆሙ። ሁለቱ በአጥር ነው የሚነጋገሩት። ስለ አሳማዎቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጀልባው ሞተር ተነጋገሩና ፓፓ ቱታይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ስድሳ ሊሞላህ ነው» አሉ። «ጠረጴዛ የሚያሰናዱት ሰዎች እኔን ነው የሚጠይቁት። የት ነው የምትቀመጠው?»

«ቆሜ አሳልፋለሁ።»

«ስድሳ የሞላው ሰው ትሪ አይዝም። የእናታችንን ልጅ አዋረድክ ይሉኛል።»

ፑናንጋ አሳማ ልመግብ ብለው ገቡ። አሳማዎቹ ከተመገቡ ገና ግማሽ ሰዓት አልሆናቸውም ነበር።

በተከታዩ ሰኞ፣ ማማ ማሬታ በስፌት ቤቱ ምንጣፍ ላይ ሁለት ጨርቅ ዘረጉ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሐምራዊ። ስምንት ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሐምራዊው ስምንት ዕጥፍ ታጥፎ ቀርቧል፤ አንዴ ሲቆረጥ ስምንት ጊዜ ይወጣል፣ ከዚያ ነጩ ላይ ተዘርግቶ በረጃጅም ስፌት ይወሰወስና ጠርዙ ሳምንታት ፈጅቶ በእጅ ይለቀማል። መስፋት ሁሉም ይችላሉ። ንድፍ ሳይሥሉ፣ እርሳስ ሳያስነኩ፣ ከጭንቅላታቸው አውጥተው መቁረጥ የሚችሉት ግን ፑናንጋ ብቻ ናቸው።

«ምን ላውጣ?» አሉ ፑናንጋ መቀሱን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። መቀሱ የእናታቸው ነው።

«የወደድሽውን» አሉ ማማ ማሬታ።

«የወደድሽውን ብሎ ነገር ምንድን ነው? ለወንድ ነው ለሴት?»

አንዷ መርፌ ቀዳዳ ፍለጋ ዓይኗን አጠበበች፣ መርፌዋ ግን ክር ነበረው። ሌላዋ ዝንብ አባረረች፤ ዝንብ አልነበረም። ማማ ማሬታ፣ መልስ አጥተው የማያውቁት ሴትዮ፣ ጣሪያውን አዩ።

ያኔ ለፑናንጋ ገባቸው። ጨርቁ የሳቸው ነው።

በዚያ አገር ለራስ ቲቫይቫይ አይሰፋም፤ ሌላው ሰፍቶ ነው የሚሰጠው። የበኩር ልጅ ፀጉር በድግስ ሲቆረጥ ይሰጣል፣ ሲያገቡ ይሰጣል፣ የከበረ የልደት ቀን ሲደርስ ይሰጣል። በኩሩ ቱታይ ስለነበሩ የፀጉሩ ድግስ የተደገሰው ለሳቸው ነው። ፑናንጋ አላገቡም። ስለዚህ ለደሴቱ ሁሉ ሲቆርጡ ኖረው የራሳቸው አንድም አልነበራቸውም፤ ስሞት በአንሶላ ጠቅልሉኝ እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሰው ይስቅላቸዋል። ማማ ማሬታ ግን አንድ ቀንም ስቀው አያውቁም ነበር።

ፑናንጋ ምንም እንዳልገባቸው ሆነው መቀሱን ከፈቱ። አፋቸው ሳይወስን እጃቸው አበባ ጀመረ፤ በጓሯቸው የሚያበቅሉትን ነጩን ሽቶ አበባ፣ ከጆሮአቸው በላይ የሚሰኩትን። መሃሉን አወጡ፣ አንዱን ቅጠል አዞሩ፣ ሁለተኛውን ሲያዞሩ መቀሱ አመለጣቸውና ትልቁ የአበባ ቅጠል ከሥሩ ተቆርጦ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያ ስህተታቸው ነው፤ የስምንት ዕጥፍ ስህተት ደግሞ ስምንት ነው።

«ሌላ ጨርቅ አምጡ» አሉ ፑናንጋ።

«የተቆረጠ ጨርቅ አይጣልም» አሉ ማማ ማሬታ። «ክፍት ይቆይ። የአንዳንድ ሰው አበባ እንዲህ ነው የሚያብበው።»

ከዚያ በኋላ ለአራት ሳምንት ደሴቱ በሙሉ ቲያትር ሠራ። ፑናንጋ በስፌት ቤቱ በር ሲያልፉ ሴቶቹ ሐምራዊውን ጨርቅ ቂጣቸው ሥር ይከቱታል፤ ፑናንጋም ሰማይ ሰማይ እያዩ ያልፋሉ። ሱቅ ያለው ሰውዬ እንኳ ሐምራዊ ክር ለምን እንዳለቀ ሳይጠየቅ ያብራራ ጀመር።

አንድ ነገር ግን በቲያትር አይታለፍም። ቲቫይቫይ ሲያልቅ ጥጉ ላይ የባለቤቱ ስም ከነማዕረጉ ይጠለፋል። በስጦታው ቀን የቤተሰቡ ታላቅ ተነሥቶ ስሙን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰውየው በዚያ ስም ይጠራል። ሲሞትም በዚያው ስም ተጠቅልሎ ይቀበራል። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማማ ማሬታ ፑናንጋ በረንዳ ላይ መጥተው ያለ ሰላምታ ተቀመጡ።

«ማወቅሽን አውቃለሁ፣ ማወቄንም ታውቂያለሽ» አሉ። «ጥጉ ላይ ምን እንጥለፍ?»

ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሏል አሉ። እኩሌቶቹ ማማ ይባል፣ እኛ የምናውቃት እንዲህ ነው ይላሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ ፓፓ ቱታይ አደባባይ ቆመው ያንን እንዴት ያነባሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አናሳፍር ይላሉ። አንዷ ስሙ ብቻውን ይጠለፍ ብትል የስድሳ ዓመት ሰው እንደ ሕፃን ስሙ ብቻውን ተጽፎ ሊቀበር ነው ወይ ብለው ጮኹባት። ፑናንጋ እንደ ልማዳቸው እንደ ቀናችሁ ጥለፉ አሉ።

«እንደ ቀናን አይጠለፍም። መርፌ ይህን አያውቅም» አሉ ማማ ማሬታ። «እስከ ሰኞ አስቢበት።»

አካይቲ የመጣችው በማግሥቱ ዓርብ አውሮፕላን ነው። አካይቲ የፓፓ ቱታይ የልጅ ልጅ ናት። በሁለት ዓመቷ ለፑናንጋ ተሰጥታ፣ እሳቸው ጋ በልታ አድጋ፣ አሥር ዓመት ሲሞላት ወላጆቿ ባሕር ማዶ ወደ ኦክላንድ ከተማ ወሰዷት። የሄደች ዕለት ፑናንጋ አውሮፕላኑ ከጠፋ በኋላም ማረፊያው ላይ ቆመው ቀርተው ነበር። አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ነርስነት ትማራለች፣ ፀጉሯን ተላጭታለች፣ አፍንጫዋ ላይ ቀለበት አድርጋለች። ፑናንጋ አቅፈዋት፣ ራሷን ዳብሰው፣ ለልደቴ ብለሽ የተሸለተ በግ መሰልሽልኝ አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ በረንዳው ላይ ጎደሬ እየላጡ፣ አካይቲ ስልኳን አወጣች። ስለ ጥጉ ሰምታለች። ኦክላንድ ጓደኞቿ እንዲህ ያለውን ነገር አስበውበታል፣ ለሁሉም ስም አለው አለች፤ ዝርዝሩን ከነትርጉሙ ታነብላቸው ጀመር። ትራንስጀንደር አለች። ኖንባይነሪ አለች። ኩዊር አለች። በዋናው ደሴት ያለው እንደ ፑናንጋ ያሉ ሰዎች ማኅበር ራሱን የሚጠራበትን አካቫይኔ የሚለውን ስም አለች፤ ፑናንጋ ማኅበሩ የሰጣቸው ካናቴራ እንዳላቸውና አሳማ ሲመግቡ እንደሚለብሱት ነገሯት። እያንዳንዱን ቃል ጎደሬ መላጡን ሳያቋርጡ ሰሙ፣ እያንዳንዱን ትርጉም አስደገሙ።

«ታዲያ የትኛው ነሽ?» አለች አካይቲ።

«የአንዱ እጅጌ ይሆነኛል፣ የሌላው ወገብ» አሉ ፑናንጋ። «የሱቅ ልብስ ክፋት የለውም። ሌላው ለብሶት ሲያምርበት ደስ ይለኛል። እኔ ግን ተለክቼ የተሰፋልኝን ነው የምለብሰው።»

አካይቲ ሳቀችና ወደ ሌላው ገጽ ሄደች። ይሄኛው የምትወጂው ማንን ነው የሚለው ነው አለች፤ ለዚህም ስሞች አሉ።

«አንድ ሰው ነው የወደድኩት» አሉ ፑናንጋ። «የመርከብ ሞተረኛ ነበር። መርከቧ በመጣች ቁጥር ይመጣ ነበር፤ ለአሥራ አንድ ዓመት። ፊቱን ሳይታጠብ ነበር የሚሮጥልኝ፣ ትራሴ ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። ለዚያ ስም ካለው ፈልጊልኝ።»

አካይቲ ስልኩን በጎደሬው ልጣጭ ላይ አስቀመጠችው። ይህን ሰው ሰምታ አታውቅም ነበር። የት ደረሰ ብላ ጠየቀች፣ ፑናንጋም መርከቧ ተሸጠች፣ እሱም አብሮ ተሸጠ አሉ። ከዚያ አካይቲ እጃቸውን ያዘችና ላኤላኤ የሚለው እንዳይጠለፍ ብቻ ስትል ለመነቻቸው፤ ያ ስድብ ነው፣ ልጅ ሆና ትምህርት ቤት እሳቸውን ለመስደብ ሲሉት እየሰማች ስንቱን ቧጭራለች።

ፑናንጋ ስለ እናታቸው ባርኔጣ ነገሯት።

አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። እናታቸው ከኮኮናት ቅጠል ጭረት የተጎነጎነውን ነጭ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን ሰው ጠግኖላቸው ነበርና ሄደህ አምጣልኝ ብለው ላኳቸው። ሲመለሱ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር፤ ደፉት። በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን ቀጥ ብለው ሄደው አያውቁም። ከኋላ ከራግቢ ጨዋታ የሚመለሱ ወንዶች የጫነች መኪና መጣች። አንዱ ጀመረ፣ ከዚያ ሁሉም ተቀበሉት፤ ላኤላኤ፣ ላኤላኤ እያሉ አቧራውን አልብሰዋቸው አለፉ። ባርኔጣው በነፋሱ ወድቆ ተንከባለለ። ፑናንጋ አንሥተው፣ በሸሚዛቸው ጠርገው፣ እያለቀሱ ቤት ገቡ።

«እናቴ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? አላቀፈችኝም» አሉ። «ባርኔጣውን ተቀብላ ራሴ ላይ መልሳ ደፋችውና፣ ቃሉ ምንም አላደረገም፣ ያቆሸሸው አፋቸው ነው፣ እዚህ ቤት ንጹሕ ነው አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና እሷ ብቻችንን ስንሆን የኔ ላኤላኤ ነበር የምትለኝ። የኔ ላኤላኤ፣ ክር አቀብዪኝ። የኔ ላኤላኤ፣ በልተሻል? ስትሞትም እንዲያ ብላኝ ነው የሞተችው። በወጣትነቴ ኦክላንድ ሄጄ ስምንት ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ስሰፋ የናፈቀኝ ዓሣ አይደለም፣ ኮኮናትም አይደለም። እንዲያ የሚለኝ አፍ ነው የናፈቀኝ።»

አካይቲ ጎደሬ መላጥ አልቻለችም። ፑናንጋ ቢላውን ከእጇ ወስደው የሷንም ላጡላት።

ሰኞ ማማ ማሬታ መፍትሔ ይዘው መጡ። ሌሊቱን ሙሉ አስበውበታል፣ ያስታውቃል። ታኡንጋ ፑናንጋ ይባል አሉ። ታኡንጋ የእጅ ሙያ ጠበብት የሚከበሩበት ስም ነው፤ ጀልባ ለሚሠራም፣ መድኃኒት ለሚቀምምም፣ ጨርቅ ለሚቆርጥም ይሆናል፣ ወንድ ይሁን ሴት አይጠይቅም። ማኅበሩ በአንድ ድምፅ ተቀብሎታል። ፓፓ ቱታይም ሰምተው ፊታቸው ፈክቷል። ከሁለቱ ጠረጴዛ መሃል ለሳቸው ብቻ አንድ ወንበር ይቀመጣል ተባለ።

ክቡር ስም ነው፤ ፑናንጋም አመስግነው ተቀበሉ። ማማ ማሬታ የአንድ ዓመት ሸክም እንደወረደለት ሰው እየቀለላቸው ሄዱ።

ታዲያ ፑናንጋ ለምን እንደከፋቸው አልገባቸውም። በዚያ ሳምንት ወጡን አሳረሩ። ለጎረቤት የሚቆርጡትን የትራስ ጨርቅ አጥፈው ትተውት ተነሡ። ሐሙስ ጠዋት ጓሮ አበባቸውን ውኃ እያጠጡ ያንን ወንበር አሰቡት፤ ከሁለቱ ጠረጴዛ መሃል፣ ብቻውን፣ ክቡር ወንበር። ትሪ ተሸክመው ከመቆም የሚለየው እግራቸውን ማሳረፉ ብቻ ነበር። ውኃ ማጠጫውን እዚያው ጥለው፣ ጫማም ሳያደርጉ፣ ወደ ስፌት ቤቱ ሄዱ።

ሴቶቹ ሲያዩዋቸው ሐምራዊውን ጨርቅ ለመደበቅ ተሯሯጡ። ፑናንጋ ተዉት፣ ስንት ጊዜ ነው የምትቀመጡበት አሉ። ከዚያ ቆመው ተናገሩ፤ ድምፃቸው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነበር።

«ታኡንጋ እጄ ነው። እጄን ስላከበራችሁልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ግን እጄ ብቻ አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት ለወንድ ነው ለሴት እያልኩ ሰው ሳስጨንቅ ኖሬ፣ የኔ ተራ ሲደርስ መልሱን ለናንተ ጣልኩት፤ ነውር ነው። ለሴት ነው። ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ሰው ወድጄ ጠብቄያለሁ፣ እናቴን አጥቤ ቀብሬያለሁ፣ ከናንተ ጋር ስሰፋና ሰው ሳማ አርጅቻለሁ። ማማ ፑናንጋ በሉኝ። መቀመጥ የምፈልገው እናንተ ጋ ነው።»

ከስምንቱ አንዷ፣ የፓፓ ቱታይ ሚስት ናት፣ ባሌ እንዴት አድርጎ ያነበዋል ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። ፑናንጋ ያንብበው አያንብበው የራሱ ጉዳይ ነው፣ እኔ ስሜን እንጂ ድምፁን አልመረጥኩም አሉ። ማማ ማሬታ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ሲጠርጉ ቆዩ፤ ሲጠርጉ ቆዩ።

«ይህን ለማለት ስድሳ ዓመት ፈጀብሽ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ገና መቀስ የያዝሽ ዕለት ነው ያወቅሁት። ወዲህ በሉ፣ ክር አምጡልኝ።»

ፑናንጋ ያን ዕለት አካይቲን ለብቻዋ ጠርተው ሌላ ሥራ ሰጧት። ቲቫይቫይ ሁለት ፊት አለው፤ አበባው ያለበት ለሰው ዓይን ነው፣ ውስጡ ገላ የሚነካው ነው። በጥጉ በውስጥ በኩል፣ ከስሙ ጀርባ፣ በነጭ ክር አንድ ቃል እንድትጠልፍላቸው ለመኗት። ነጭ በነጭ ላይ አይታይም፣ በጣት ግን ይገኛል። አካይቲ የትኛውን ቃል ብላ አልጠየቀችም። ሁለት ቀን ፈጀባት፤ እያንዳንዷን ስፌት ከመዝጋቷ በፊት በአውራ ጣቷ ታሻት ነበር፤ የሚያድርባት ቆሻሻ ካለ ለማጥራት ይመስል።

የልደቱ ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አሳማው ከመሬት ምድጃው ወጥቷል፣ ጥሬው ዓሣ በኮኮናት ወተት ተዘፍዝፏል፣ ልጆቹ ከጠረጴዛ ሥር ዶናት ይሰርቃሉ። ፑናንጋ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ የእናታቸውን ነጭ ባርኔጣ ደፍተው፣ በሁለቱ ጠረጴዛዎች መሃል ቆመዋል። እጃቸው ትሪ ስላጣ የት እንደሚያደርጉት ቸግሯቸው ነበር። ስምንቱ ሴቶች ቲቫይቫዩን ዘርግተው ይዘው ሲገቡ ሰው ሁሉ ተንጠራርቶ አየ። ሐምራዊው አበባ ነጩ ላይ በስምንት አቅጣጫ ፈንድቷል፤ ስምንቱ ክፍት ቦታዎች ብርሃን እንዲገባ ሆን ተብለው የተተዉ ይመስሉ ነበር።

ፓፓ ቱታይ ተነሥተው ጥጉን ያዙ። ሚስታቸው ነግራቸዋለች፣ ይህ ፊታቸው ላይ ይነበባል። መነጽራቸውን አደረጉ። ሰው ጠበቀ። ከፓፓዎቹ ጠረጴዛ አንዱ ሳል መሳይ ነገር ጀመረና ማማ ማሬታ ሲያዩት ዋጠው። ፓፓ ቱታይ ጥጉን ወደ ዓይናቸው ሲያስጠጉ ጣታቸው በውስጥ በኩል አንድ ነገር ነካ። ገልብጠው አዩት። በጣታቸው ፊደል በፊደል ሄዱበት፣ እስከ መጨረሻው፤ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ኋላ ያሉት ሰዎች ሽማግሌው ፊደሉ ጠፋባቸው ብለው አሰቡ።

ቀና ብለው ስብከት በሚያነቡበት ድምፅ «ማማ ፑናንጋ» አሉ።

ጭብጨባው ቤቱን ነቀነቀው፤ ሴቶቹ ምንጣፉን በእጃቸው እየመቱ ዘፈን አነሡ። በዚያ ጫጫታ መሃል ፓፓ ቱታይ ጨርቁን በፑናንጋ ትከሻ ላይ አለበሷቸው፣ ጥጉን ወደ ውስጥ አጥፈው አንገታቸው ላይ አሳረፉት፣ እጃቸውንም ከላይ ጭነው አላነሡም።

«መኪናው ላይ እኔም ነበርኩ» አሉ ለሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«አውቃለሁ። ድምፅህን ለይቼዋለሁ።»

«አርባ ስድስት ዓመት?»

«አርባ ስድስት ዓመት። ቤት ስገባ እናታችን ቃሉን አጠበችልኝ። አሁን የኔ ነው፣ አንተ አትፍራው።»

ፓፓ ቱታይ አለቀሱ፤ አደባባይ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው። ከዚያ «ነይ እህቴ» ብለው ክንዳቸውን ይዘው ወደ ማማዎቹ ጠረጴዛ ወሰዷቸው። ማማ ማሬታ ወንበሩን ሳቡላቸው።

ማማ ፑናንጋ ተቀመጡ። ወዲያው ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዓሣ እንዳልደረሰ አይተው ሊነሡ ሲሉ፣ ማማ ማሬታ ትከሻቸውን ተጭነው አስቀመጧቸው። ፓፓ ቱታይ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደው፣ በሕይወታቸው ይዘውት የማያውቁትን ትሪ እያዛነፉ፣ ግማሹን መረቅ ሸሚዛቸው ላይ አፍስሰው ተመለሱና የመጀመሪያውን ሳህን በእህታቸው ፊት አኖሩ።